የእንጅባራው ቤቴ ተወካይ

የምኖረው ጫግኒ ነው፤ አባቴ ያወረሰኝ ቤት ግን ያለው እንጅባራ ነው። ተከራይዋ ነርስ ናት፤ ያኔ አራስ ነበረች። ባለፈው ክረምት ቀበሌው፣ ከከተማ ውጭ የሚኖር አከራይ እዚያው ከተማው ውስጥ የሚኖር ተወካይ ካላቀረበ የኪራይ ውሉ አይጸድቅም አለ። ውሉ ካልጸደቀ አራሷ ልጇን ታቅፋ በዚያ ዝናብ ቤት ፍለጋ ልትወጣ ነው።

እኔ ምን ቸገረኝ፣ ቀበሌው በሰጠው ቀነ ገደብ መጨረሻ ወንድሜን ከዳንግላ ጠርቼ ደረቴን ነፍቼ ቀበሌ ገባሁ። ኃላፊው የወንድሜን መታወቂያ አየና የዳንግላ ነዋሪ ስለሆነ አይሆንም አለኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ። እኛ ቤት ሰው የሚቆጠረው በዝምድና እንጂ በከተማ ስላልሆነ፣ ዳንግላ «ሌላ ከተማ» መሆኑ ትዝም አላለኝ። ተናደድኩ፤ ጥፋቱ የራሴ በመሆኑ ደግሞ ባሰብኝ።

ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ጎረቤታችን አጥር ሥር ጎንበስ ብለው፣ ነፋስ የጣለውን ቀርከሃ መልሰው ይሰካሉ። የራሳቸው አጥር መስሎኝ ነበር፤ የእኔ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ በየክረምቱ ሲጠግኑት ኖረዋል። አፈርኩ። ተወካይ እንዲሆኑልኝ ስለምናቸው እጃቸውን ጠራርገው ተከተሉኝ።

ኃላፊው ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ጠየቃቸው። እንደማይችሉ ነገሩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ታዲያ እማማ፣ ቤቱን እንዴት ሊቆጣጠሩት ነው?»

በአማርኛቸው መሀል አገውኛ ጣል እያደረጉ፣ የትኛው ማዕዘን እንደሚያፈስ፣ የትኛው በር በክረምት አብጦ አልከፈት እንደሚል፣ ነርሷን ምጥ ሲይዛት ባጃጅ ለምነው እንዳስቆሙላት አንድ በአንድ ነገሩት። ከዚያ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ጣሪያ ሲያፈስ ደብዳቤ አይጽፍም።»

ኃላፊው ሳቁን መያዝ አቃተው። ቅጹን ሞላ፤ እሳቸውም ቀለም የነካ አውራ ጣታቸውን ተጭነው አሳረፉበት። ወሬውን ስንነግራት አራሷ አልጋዋ ላይ ሆና እልል አለች፤ እኔም ያለ ወትሮዬ አብሬያት እልል አልኩ።

መስከረም ላይ ቤቴን ላይ ብዬ ሄድኩ። ተወካዬ በሩ ላይ አቆሙኝ።

«የጓሮው ቦይ ተደፍኗል። ሳትጠርጊ አትገቢም» አሉና አካፋ ሰጡኝ።

ቤቱ በስሜ ነው። ቢሆንም ቀሚሴን ሰብስቤ መቆፈር ጀመርኩ። ነርሷ ልጇን ታቅፋ በመስኮት ትስቅብኛለች፤ አሮጊቷ በላይ በላዩ ያዝዙኛል። የዚያን ቀን ያህል ባለቤት ሆኜ አላውቅም።