ክርክሩን የረታሁበት እሑድ

ባለፈው ቅዳሜ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፀጉሬን ልቆረጥ ገብቼ ተራ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ ሽማግሌ እያነከሰ ወደ ሜዳ ሲገባ አየሁ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። በወጣትነቴ የምወደው ኳርተርባክ፣ በአሜሪካኖቹ ፉትቦል ኳስ ወርዋሪው ተጫዋች፣ ነበር፤ የድሮ ቡድኑ ሊያከብረው ጠርቶታል። ፀጉር ቆራጩና ደንበኛው፣ ሁለቱም እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆች፣ ወዲያው ክርክር ገጠሙ። አንዱ «ሄልዚ ቢሆን ኖሮ የሚስተካከለው አልነበረም» ይላል። ሌላው «ቢሆን ኖሮ የሚባል ነገር የለም፤ ግማሹን ዕድሜ ቤንች ላይ ነው የጨረሰው» ይላል። ሁለቱም ሲጫወት አላዩትም። ከአባቶቻቸው የሰሙትን ነው የሚወራወሩት።

እኔ ስለዚያ ሰው የምለውን ሁሉ ብዬ የጨረስኩት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ እዚያው መንገድ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ፌርፋክስ ላይ ያበሻ ቤት ገና በጣት የሚቆጠር ነበር። ከነሱ አንዱ የእትዬ የሺ ምግብ ቤት ነው። ጠባብ ቤት ነበረች፤ በሩ ሲከፈት የቅቤው ሽታ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ይወጣል። ባንኮኒው ጫፍ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ተቀምጣለች። እሑድ እሑድ ከሥራ የወጣን ሁሉ እሷን ከበን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል እናያለን። መጀመሪያ ላይ እንስቅበት ነበር። በእጃቸው ይዘው እየሮጡ የእግር ኳስ ነው ማለታቸው አልገባንም። ኋላ ግን ያዘን። ጨዋታው በየደቂቃው ስለሚቋረጥ ለወሬ ይመቻል። ሰው ጎርሶ፣ ተከራክሮ፣ ተቆጥቶ፣ ታርቆ ቀና ሲል ኳሷ ገና አልተነሳችም።

እኔና ሰይድ የምንሠራው ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ነበር፤ የእንግዶችን መኪና ፓርክ እናደርጋለን። ሰይድ የደሴ ልጅ ነው። ቤትም አብረን ነበር የተከራየነው። ኳርተርባኩን የወደድኩት እዚያ ሆቴል፣ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። አገሩን በረገጥኩበት ዓመት ትከሻው ወልቆ በቃሬዛ ሲወጣ አየሁት። በቃ፣ አለቀለት ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ተመለሰ። ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች ሊጨፈልቁት እየመጡበት እሱ ዝም ብሎ ቆሞ፣ ጓደኛው ገና ወዳልደረሰበት ባዶ ቦታ ኳሷን ለቀቃት። ኳሷ ስትወርድ ሰውየው እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲያ የጉልበቱ ጅማት ሲበጠስ፣ ጣቱ ሲሰበር፣ ጎድኑ ሲሰነጠቅ እንደ ቤተ ዘመድ ተከታተልኩት።

«ሸክላው» የሚል ስም ያወጡለት ጋሼ ወርቁ ናቸው። ጋሼ ወርቁ ታክሲ ድራይቭ ያደርጉ ነበር። ከኛ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሲከራከሩ ጥርሳቸውን የማያሳዩ ሰው ናቸው። «ዛሬስ ሸክላው በየት በኩል ተሰነጠቀ?» እያሉ ነው የሚገቡት። እኔ እንጨረጨራለሁ።

«ተጫዋች ማለት የተገኘ ሰው ነው» ይሉኛል። «ያልተገኘን ሰው በምን ትመዝነዋለህ?»

«በተገኘበት ቀን ነዋ፣ ጋሼ!»

«እሱማ ዝናብም አንዳንድ ቀን ይዘንባል። ገበሬ ግን በእሱ ብቻ ጠግቦ አያውቅም።»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እንዲህ እያልን ስንት እሑድ አሳለፍን። አንድም ቀን አንዲት ስንዝር ለቀውልኝ አያውቁም።

ያ እሑድ ጥቅምት ውስጥ ነበር። ከበረሃው የሚመጣው ደረቅ ነፋስ የዘንባባውን ቅጠል እያረገፈ መንገድ ላይ ያንከባልላል፤ ከንፈር ይሰነጥቃል። ሳይነጋ የገባሁበትን ሺፍት ጨርሼ በቀጥታ ወደ እትዬ የሺ ቤት ሄድኩ። ኳርተርባኩ በዚያ ሳምንት «ሰውነቴ እምቢ ብሎኛል» ብሎ ጨዋታን ጨርሶ ትቶ ስለነበር አፌን ሞልቼ ነው የደረስኩት። ሰይድ ቀድሞኝ መጥቶ ከጋሼ ወርቁ ጎን ተቀምጧል።

«እንግዲህ ሄደልዎ፣ ጋሼ» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ። «የሚሰድቡት አጡ።»

«ሄደ አሉ» አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ የሺ ጎድን ጥብስ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ምንም አላዘዝኩም።»

«ብላ ልጄ። ስትሮጥ ነው የዋልከው» አሉኝና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ትንሽ አቆዩት።

በላሁ። ርቦኝ ነበር። ጋሼ ወርቁ ሰው ሲበላ አይተው የማያውቁ ይመስል ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ቆዩና፣ «እስቲ ዛሬ ሳላቋርጥህ ንገረኝ» አሉኝ። «ምኑ ነው እንዲህ የያዘህ?»

ይህን ጠይቀውኝ አያውቁም። እጄን ሳልታጠብ ጀመርኩ። ስለ ትከሻው ነገርኳቸው። የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ሁለት ጊዜ መበጠሱን፣ የግራው ከዚያ በኋላ መሆኑን፣ ጣቱ ተሰብሮ በፋሻ አስሮ እንደጨረሰ ነገርኳቸው። «ሰው ስንት ዓመት ቆመ አይባልም፤ ቆሞ ሳለ ምን አየ፣ ምን አደረገ ነው የሚባለው» አልኩ። «የማይሰበረውማ ብዙ ነው። እሱ እንደሚሰበር እያወቀ ነው የሚቆመው» አልኩ። እንዲህ አሳምሬ ተናግሬ የማውቅ አይመስለኝም። ሰው ሁሉ መብላቱን ትቶ ሰማኝ። ጋሼ ወርቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ» አሉ። «ረታኸኝ።»

ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። «ሰይዶ! ሰማህ? ጋሼ ወርቁ ተረቱ!»

«ሰማሁ» አለ ሰይድ። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም። ቴሌቪዥኑ የሳሙና ማስታወቂያ ነበር የሚያሳየው። ፊቱ የቀረበለት ሽሮም ሳይነካ ቀዝቅዞ፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ አውጥቷል።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል በራችን ተንኳኳ። ስነሳ ሰይድ ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በሩን የከፈተው እሱ ነው። ጋሼ ወርቁ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ እትዬ የሺ በጥቁር ልብስ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ከኋላቸው አምስት ስድስት የምግብ ቤቱ ሰዎች ደረጃው ላይ ቆመዋል። ያገራችን ሰው በማለዳ ተሰብስቦ በር ላይ ሲቆም ምን አመጣችሁ አይባልም።

«ማን?» አልኩ።

«ብዙነሽ» አሉ ጋሼ ወርቁ።

ብዙነሽ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን የሞተችው እኔ በቅጡ ሳላውቃት ነው፤ ያሳደገችኝ ብዙነሽ ናት። እትዬ የሺ ጮኸው አለቀሱ። ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ጋሼ ወርቁን አየሁና፣ «ትናንት ረታኸኝ ያሉኝ ለዚህ ነው?» አልኳቸው።

ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ኋላ እንደነገሩኝ፣ ዋሽንግተን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የደወለው ቅዳሜ ማታ፣ እኔ ተኝቼ ሳለሁ ነው። ስልኩን ያነሳው ሰይድ ነበር። እሑድ እኔ ሳይነጋ ሥራ ገባሁ። መርዶ ደግሞ በማለዳ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሰኞ ይሁን፣ እስከዚያው ይብላ፣ ይተኛ ብለው ወሰኑ።

ለቅሶው እኛው ጠባብ ቤት ውስጥ ሆነ። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተው አስቀመጡኝ። ከባልድዊን ሂልስም፣ ከሎንግ ቢችም ሰው መጣ፤ አንዳንዱን አላውቀውም። ሴቶቹ በር ላይ ሲደርሱ እየጮኹ ይገባሉ፤ እኔ ምንጣፉን አያለሁ። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ሰው ነበርኩ፤ ሲነኩኝ አውቃለሁ፣ አይሰማኝም። ሻይ ሲሰጡኝ እጠጣለሁ፤ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አልለየሁትም። አንዲት የሎንግ ቢች ሴት አጠገቤ ቁጭ ብለው እጄን ይዘው፣ «ምን አሟት ነበር፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው። የአክስቴ ልጅም የሰማው «ታማ ነበር» ከማለት አያልፍም። የኳርተርባኩ ጉልበት ግን፣ መጀመሪያ የቀኙ፣ ኋላ የግራው፣ ሳልጠራው ባእምሮዬ መጥቶ ቆመ። ሴትየዋ እያለቀሱ ነበር። እኔ ጉልበቶቹን እያሰብኩ ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ ሥራ ገባሁ። መኪና ተቀብዬ ፓርክ አደርጋለሁ፣ ቁልፍ እሰቅላለሁ፣ «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» እላለሁ። ሰይድ የእህቴን ስም ለማንሳትም፣ ስለ ኳስ ለማውራትም ፈራ። ለብዙ ጊዜ ስለ ሽንኩርትና ስለ ልብስ ማጠቢያ ብቻ አወራን።

ዝናቡ ሲጀምር ነው ጋሼ ወርቁ አንድ ቀን ከሆቴሉ በር ላይ አግኝተው በታክሲያቸው የጫኑኝ። የላቢሪያን መንገድ ይዘን ሽቅብ ስንሄድ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት የምርዎን ነው?»

«የቱን?»

«ስለ ኳርተርባኩ።»

የዝናብ መጥረጊያው ጥቂት ተመላለሰ።

«የምሬን አይደለም» አሉ። «ሸክላ ነው። አሁንም ብትጠይቀኝ ሸክላ ነው የምለው።» ቀይ መብራት ላይ ቆሙ። «ግን ዓይንህን ሳይ፣ ነገ ይሄ ልጅ እንዲህ አያወራም አልኩ በሆዴ። ሶ... እስክትጨርስ ልስማህ ብዬ ነው።»

እዚያ ላይ ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፤ እሳቸውም ጠብቀው ነበር። «እዚህ ጋ ይበቃኛል» ብዬ ወረድኩና በዝናቡ ወደ ቤት ሄድኩ። ሸሚዜ ሰውነቴ ላይ ሲጣበቅ ትዝ ይለኛል። ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም።

ጋሼ ወርቁ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ሲቀበሩ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፤ ያን ዕለትም አላለቀስኩም። ፉትቦልም ከዚያ ወዲያ ተቀምጬ አላየሁም። ተቀይሜ አይደለም፣ እንዲያው ፍላጎቱ ቀረ። አንዳንድ ሰው እንባው ዘግይቶ ይመጣል ይላሉ። የኔ ይመጣል ብዬ ብዙ ጠበቅኩ፤ አሁን መጠበቁንም ትቻለሁ።

ዛሬ በተራዬ ለመርዶ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ጋሼ የሚሉኝም በዝተዋል። አምና እዚሁ ሰፈር ያለች አንዲት ነርስ አባቷ አረፉና፣ በማግስቱ ማለዳ ልንነግራት ተስማማን። ከሰዓት በኋላ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከነጓደኞቿ አገኘኋት። የገዛችውን ቤት ፎቶ በስልኳ እያሳየች ታወራለች። ጓደኞቿ ያውቃሉ፤ አንዷ ጫማዋን ታያለች፣ አንዷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቀርታለች። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሳሎኑን መስኮት አሳየችኝ። የጓሮውን የሎሚ ዛፍ አሳየችኝ፤ ማን እንደተከለው፣ ምን ያህል እንደሚያፈራ ነገረችኝ። ከዚያ ድንገት ሳቀችና ስልኩን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ጋሼ፣ አሰለቸሁህ አይደል?»

«የለም» አልኳት። «ወጥ ቤቱን ገና አላሳየሽኝም።»