ከአርባ ምንጭ ሰርግ የመጣ ትኩሳት

ትኩሳት ይዟችሁ ሐኪም «ሰሞኑን ከከተማ ወጥታችሁ ነበር?» ሲላችሁ ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ዋሽተናል።

ስለ አክስታችን ልጅ ሰርግ፣ ስለ አርባ ምንጭ ዓሣና ሙዝ ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር። ያን ትቼ፣ ከዚያ በተመለስን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከኮዬ ፈጬ ቃሊቲ ድረስ ያደረግነውን አጭር ጉዞ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11:40፣ ኮዬ ፈጬ

ታናሽ እህቴ ሰናይት የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ግድግዳ እየያዘች ትወርዳለች። ሦስት ብርድ ልብስ ደርባ አድራ እንኳ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ቂሊንጦ ባለ ፋብሪካ ልብስ ትሰፋለች። ዛሬ ብትቀር ከደመወዟ ይቆረጣል፤ የሕመም ፈቃዷን ጨርሳለች።

እንዴት ጨረሰችው? ለሰርጉ ፈቃድ ከለከሏት። ጓደኛዋ «ታይፎይድ» የሚል የሦስት ቀን የሐኪም ወረቀት አስወጣችላት፤ በእሱ ሄደች። አርባ ምንጭ እኔ እንግዳ ተብዬ ቤት ውስጥ አጎበር ተዘርግቶልኝ ተኛሁ። እሷ ከሚዜዎቹ ጋር ድንኳን ውስጥ፣ ያለ አጎበር። በየዓመቱ የወባ ትንኝን ለሰባተኛ ክፍል በሰሌዳ ላይ እየሳልኩ የማስተምር መምህር ነኝ!

የሠራተኞች ሰርቪስ መጣ። ሹፌሩን ለመንኩት።

«ጋሼ፣ እስከ በሩ ላድርሳት?»

«ግባ፣ ግባ። ካስመለሳት ግን ጠራጊው አንተ ነህ።»

1:15፣ ቂሊንጦ

የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ፋይሉን ገለጠች። አርብ ዕለት ትኩሳቱ ሲጀምራትም ሰናይትን ያየቻት እሷ ናት።

«አይ ሰናይት፣ ታይፎይዱ አገረሸብሽ ማለት ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «ከከተማ ወጥታ ነበር?»

እህቴን አየኋት። ዓይኗ ይለምናል።

«አልወጣችም፣ ሲስተር» አልኩ።

የአርቡ የታይፎይድ መድኃኒት ተደገመላት።

ከበሩ እንደወጣን አስመለሳት። «ወባ ነው፤ እንንገራቸው» አልኳት።

«አንተ ቲቸር፣ ወባ ካሉኝ እኮ አለቀልኝ! ቂሊንጦ ወባ የታለ? ሱፐርቫይዘሯ ‹ከየት አመጣሽው› ትለኛለች።»

እውነቷን ነው። በእኛ ብርድ አገር ወባ የሚገኝበት ሰው ባብዛኛው ከቆላ ይዞት የመጣ ነው። የበሽታው ስም ብቻ እንደ አውቶቡስ ትኬት ይቆጠራል።

2:10፣ ወደ ቃሊቲ ጤና ጣቢያ፣ ሚኒባስ ውስጥ

እሺ ባትለኝም ደግፌ አሳፈርኳት። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላለች። ድንገት ቀና ብላ «ሙሽራዋ ወጣች?» አለችኝ።

«የቷ ሙሽራ?»

«ፍጠን እንጂ፣ መኪናው ሊሄድብን ነው!»

ወባ ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ አስተምራለሁ፤ አይቼ ግን አላውቅም።

«በጠዋቱ ጠጥታ ነው እንዴ?» አለ ሹፌሩ በመስተዋት እያየ።

ጎመን የያዙ ሴትዮ ተቆጡት። «ዝም ብለህ ንዳ! ልጅቷ እየነደደች ነው። በል ልጄ፣ መስኮቱን ክፈትላት።»

2:45፣ ጤና ጣቢያ

እስክጠየቅ አልጠበቅኩም። ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ጮኼ ተናገርኩ፦ «ከአርባ ምንጭ ከመጣች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው! ያለ አጎበር ተኝታለች!» ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ መንገድም ለቀቀልን።

ከጣቷ አንድ ጠብታ ደም ወሰዱ። ግማሽ ሰዓት ኮሪደሩን ተመላለስኩበት።

«ወባ ነው፣ ከባዱ ዓይነት» አለኝ ሐኪሙ። «ነገ አምጥተሃት ቢሆን ኖሮ…» መርፌ ወግተው በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላኩን።

ሐሙስ፣ 8 ሰዓት፣ ሆስፒታል

ሰናይት አጥሚት ጠጣች። ቀኑን ጠየቅኳት፤ «ሐሙስ» አለች። በልጅነቷ አፏን ፈትታ ስትናገር እንደሰማኋት ቀን ደስ አለኝ።

«ወረቀቱ ላይ ምን ብለው ጻፉ?»

«ወባ።»

«እንግዲህ ለፋብሪካው ውሰድላቸው» አለች።

9:30፣ ቂሊንጦ

ነርሷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጠይቄህ ነበር እኮ፣ ወንድሜ።»

እህቴን ሥራ ላይ ያቆዩአት ወይም ያሰናብቷት እንደሆነ አስተዳደሩ ገና አልወሰነም። ይህን ስጽፍም እየጠበቅን ነው።

እናንተ ግን ዛሬውኑ አንድ ነገር ሞክሩ። ባለፉት ጥቂት ወራት ያደራችሁባቸውን ቦታዎች ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ የዋሻችሁባቸውንም ጭምር። ትኩሳት የያዛችሁ ቀን፣ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ አንብቡለት።