እትዬ ዜሮ

መሥሪያ ቤታችን ለሆስፒታሎች የበሽተኛ የእጅ መለያ የሚያትም ማሽን ይሠራል። ፕሮግራሙን የምንጽፈው አምስት ሰዎች ስንሆን አንጋፋዋን እትዬ ዜሮ እንላቸዋለን። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ጽሑፍ የት እንዳለቀ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ በምትቀመጥ ዜሮ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ስልሳ ባይት ቦታ ለሚፈጅ ስም ስልሳ አንድ ማዘጋጀት ግድ ነው። እትዬ ሥራዬን ባዩ ቁጥር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «የዜሮዋስ ቦታ?» ይሉኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ! አንዳንዴ እልህ ይይዘኝና መቶ ባይት አዘጋጃለሁ። «ይኼ ደግሞ አዳራሽ ነው» ይላሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ደወለች። ፔኒሲሊን የማይስማማቸው አንዲት ባልቴት መለያቸው ላይ የአለርጂው መስመር ባዶ ሆኖ ታትሟል። ነርሷ ባታውቃቸው ኖሮ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋቸው ነበር።

ፕሮግራሙን መጨረሻ የነካሁት እኔ ነበርኩ። አለቃችን እኔን እኔን ሲያየኝ እንጀራዬ የተቆረጠ መሰለኝ።

እትዬ ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡና መስመር በመስመር አነበቡ። የባልቴቷ ስም ልክ ስልሳ ባይት ነው፤ የተያዘለት ቦታም ስልሳ። ማለቂያዋ ዜሮ ማረፊያ ስታጣ ጎረቤት ገባች። የአለርጂው መጀመሪያ ላይ ተቀመጠችና ማሽኑ ጽሑፉ ሳይጀመር ያለቀ መሰለው። ያንን የፕሮግራም መስመር ማን እንደጻፈው የፕሮግራሙ መዝገብ ይናገራል፤ ራሳቸው እትዬ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት። ከሁለታችን በቀር ያየ አልነበረም።

ብድግ አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጁን ተዉት!» አሉ ጮክ ብለው። በአርባ ዓመቴ ልጁ መባሌን ያን ቀን ወደድኩት።

ቦታውን አሰፉት። ቦታው ለስሙ አልበቃ ካለም ማሽኑ ማተሙን ትቶ እንዲጮህ አደረጉ። ከሰዓት በኋላ አብረን ሆስፒታል ሄድን። አዲሱ መለያ ከነአለርጂው ታትሞ ሲወጣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ነርሷ ስታስርላቸው ባልቴቷ ሳቁ። «ስሜ ረዝሞ አስቸገርኳችሁ አይደል? ማሳጠር ይቻላል እኮ።»

እትዬ እጃቸውን ያዟቸው። «ስምዎ ምን በወጣው! ቦታ የነፈግኩዎት እኔ ነኝ።»