ጋሼ ያላዩት መስመር

የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል ከላብራቶሪው ጀርባ ያለች፣ መስኮቷ የማይከፈት ጠባብ ክፍል ናት። እዚያ ስድስት ዓመት የሠራችውን ልጅ ሁሉም «ፈጣኗ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት አለቃዋ ጋሼ ናቸው፤ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ከሀ ሁ ጀምሮ ያስቆጠሯትም እሳቸው።

የላብራቶሪው ውጤት ሁሉ በአንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ነበርና ጋሼ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» እያሉ ዓመት ሙሉ ለምነው ሁለተኛ አስገዙ። ሁለቱን እንደ አንድ እንዲሠሩ በክላስተር ማያያዝ የሷ ሥራ ሆነ። ሰርቨሮቹ በቀጭን ኬብል «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ፤ መልስ ከጠፋ ተጠባባቂው ሥራውን ይረከባል። ከመረከቡ በፊት ግን የባልደረባውን ኤሌክትሪክ መቁረጥ አለበት፤ ያኛው ሳይሞት ቀርቶ እንደሆነስ? ይህን የሚያዝ አንድ የኮድ መስመር አለ። በሙከራው ጊዜ አንዱ ሌላውን ደጋግሞ ሲያጠፋባት ፈጣኗ ተናደደችና መስመሩን «ለጊዜው» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ሁሉም ሰላም ሆነ፤ እሷም ረሳችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ዘጠኝ ወር ሲቀራቸው የርክክቡን ወረቀት መነጽራቸውን እንኳ ሳያወጡ ፈረሙ።

«አያዩትም እንዴ፣ ጋሼ?»

«አንቺ የሠራሽውን? ምን ቆርጦኝ!»

ርክክቡ በተፈረመ በሦስተኛው ወር ወለሉ ሲወለወል ቀጭኑ ኬብል ተነቀለ። እያንዳንዱ ሰርቨር ጓደኛው የሞተ መሰለውና፣ ኤሌክትሪክ የሚያስቆርጠው መስመር ስለተዘጋ፣ ሁለቱም በአንድ የመረጃ ቋት ላይ ይጽፉ ጀመር። እስኪታወቅ ድረስ የሦስት ሰዓት ውጤት ተደበላለቀ፤ የአንዱ የደም ውጤት በሌላው ስም ወጣ። ስልሳ አንድ ሰው፣ ጨቅላ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ እንደገና በመርፌ ተወጉ።

በስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ «ይህን ማን ዘጋው?» ሲል ፈጣኗ አንገቷን ደፍታ ማስታወሻ ደብተሯን መግለጥ ጀመረች።

«ፊርማው የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ» አሉ ጋሼ። ወደሷ ዞር እንኳ አላሉም።

ዘጠኙ ወር ሳይሞላ አሰናበቷቸው። ፈጣኗ ነገ እናገራለሁ አለች፤ ከዚያ ሰኞ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰኞ። ፈርታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ከተሰናበቱ በሁለተኛው ወር እንደምንም ጨክና፣ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብላ ቤታቸው ሄደች። ጋሼ ከስተዋል፤ ሸሚዛቸው ሰፍቷቸዋል። እሷን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ።

«ያልኩሽ ልጅ ይቺ ናት» አሉ ለባለቤታቸው። «ካስተማርኳቸው ሁሉ እሷን የሚያህል የለም።»

ወንበር ሊያመጡ ወደ ጓዳ ሲገቡ ባለቤታቸው ጠጋ አሏት።

«የኔ ልጅ፣ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ እሱ እንዲህ ያለ ነገር ዘግቶ አይረሳም። ማነው ጥፋተኛው ብዬ ብወተውተው ‹ሆድ ይፍጀው› አለኝ። አንቺ አብረሽው ነበርሽ፤ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ከጓዳ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«አላውቅም፣ እትዬ» አለች።