ያወጣሁት ገበና

ቶሮንቶ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ዳንፎርዝ ላይ በአንዲት ግሪካዊት ዳቦ ቤት ተቀጠርኩ። ሴትዮዋ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከጥቁር ልብስ ሌላ ለብሰው አያውቁም። ደንበኞቹ ሁሉ "ኪሪያ" ይሏቸዋል፤ በግሪክኛ ወይዘሮ ማለት ነው። እኔም ኪሪያ አልኳቸው። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለነበር አንዳችን በሌላችን ፊት አናፍርም ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው ዱቄት በዱቄት የሆኑ እጆቻቸውን ወደ ላይ አነሱ።

"የባለቤቴ አጎት አዲስ አበባ ግሮሰሪ ነበረው!"

እኔም አባቴ በወጣትነቱ ፒያሳ ከግሪኮች ሱቅ ወይራ መግዛትን እንደ ትልቅ ጌትነት ይቆጥረው እንደነበር ነገርኳቸው። ኪሪያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያን ቀን በኋላ ቁርስ የምንበላው ጓዳ ውስጥ አብረን ሆነ።

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ገብቼ ሊጥ አቦካለሁ፣ ዳቦ አድቦለቡላለሁ፣ ትሪ አጥባለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ሽርጤን ፈትቼ በሳብዌይ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ያገር ቤቱ ሰርተፊኬቴ አልበቃ ብሎ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በሠላሳ አንድ ዓመቴ እንደገና እየተማርኩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጁላይ በዕዳው ቀውስ የግሪክ ባንኮች ተዘጉ። ከዳቦው መደርደሪያ በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ማውጫ ማሽን ፊት የተሰለፉ ሽማግሌዎችን ያሳያል። ዳቦ ሊገዙ የሚመጡ ግሪኮች ቆመው ይጨቃጨቃሉ። አንዱ መንግሥታቸውን ይረግማል፣ ሌላው አበዳሪዎቹን ጀርመኖች፤ አንዱ ደግሞ "ጥፋቱ የራሳችን ነው" ይልና ሁሉም ይጮሁበታል። ስለ ዘመድ ሲጠያየቁ ኪሪያ መልሳቸው አንድ ነው።

"እህቴ ደህና ናት። ቤት አላት፣ የወይራ ዛፎች አሏት። ምን ትሆናለች?"

ኦክቶበር ላይ ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ ስለ አፍሪካ ፕረዘንቴሽን አቀረበ። ኢትዮጵያ ጋ ሲደርስ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን ፎቶ ስክሪኑ ላይ መጣ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። አንዷ ዝቅ ባለ ድምፅ "እናንተ ቤትም እንደዚህ ነበር?" አለችኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ሊጡ ላይ እንባዬ መጣ። ኪሪያ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ከዚያ እጃቸውን ጠርገው የጓዳውን በር ዘጉ።

"እህቴ የወይራ ዛፍ የላትም" አሉ። "ድሮ ተሸጠ። አቴንስ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ጡረታዋን ቆረጡት፣ ደግመው ቆረጡት። ልጇ ኢንጂነር ነው፤ ሥራ ስለሌለው በእሷው ጡረታ ይኖራል። የጉልት ቀን ሻጮቹ ዕቃቸውን ሲያነሱ ትሄድና መሬት የወደቀውን ቲማቲም፣ የተጣለውን ጎመን ትለቅማለች። ጎረቤት እንዳያያት ሌላ ሰፈር ድረስ ሄዳ፣ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና።"

እጄን ከሊጡ አወጣሁ።

"ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ እንኳ አልተናገርኩም" አሉ። "አንቺ ግን ይገባሻል። ሰው እንደዚያ ሲያይሽ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ።"

ወር ሳይሞላ አስተማሪያችን እያንዳንዳችንን አንድ የአውሮፓ አገር አስመረጠን። በመጀመሪያ የአገሪቱን ጠቅላላ ሁኔታ፣ ቀጥሎ በጊዜው ያለውን አንድ ትልቅ ጉዳይና በነዋሪው ላይ ያመጣውን ነገር እንድናቀርብ ነው። "ከጋዜጣ የተገለበጠ አልፈልግም፤ የሰው ሕይወት አሳዩኝ" አለን። እኔ ግሪክን መረጥኩ።

ኪሪያ ይህን ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። የከተሞቹን ስም አጠራር እስክችል ድረስ ሊጥ እያቦካን ያስደግሙኝ ነበር። የትውልድ መንደራቸውን የድሮ ፎቶ ከክፈፉ አውጥተው አዋሱኝ። አንድ ቀን ደግሞ እንደ ሕፃን አፍረው፣ "መጥቼ ብሰማሽ ይፈቅዱልኛል?" አሉ። አስተማሪው ፈቀደ።

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ የእህታቸውን ታሪክ ጽፌው ነበር። የጽሑፌ ምርጡ ክፍል እሱ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ከኢንተርኔት የተለቃቀመ ነው። ኪሪያ እንደሚመጡ ሳውቅ ሰርዤው ነበር። አንብቤ ሳየው ጽሑፉ ባዶ ሆነብኝ፤ መልሼ ጻፍኩት። ስም አልጠራም፤ "አንዲት አረጋዊት" ነው የምለው፤ እንዲህ ያለች ሴት አቴንስ ውስጥ ስንት አለች፤ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

በቀኑ ኪሪያ የብር ጌጥ ደረታቸው ላይ ሰክተው፣ ለክፍሉ ሁሉ የሚበቃ የተጠማዘዘ የቅቤ ብስኩት በትሪ ይዘው መጡ። ከኋላ ተቀመጡ። ስለ ደሴቶቹና ስለ መርከበኞቹ ሳወራ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ የመንደራቸው ፎቶ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወደ ባንኮቹና ወደ ጡረታው ገባሁ። ከዚያ ስለ አረጋዊቷ፣ ስለ ጉልቱ፣ ስለ ሻርፑ ተናገርኩ። ወደ ኋላ አላየሁም። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ደስ አለኝ። ይህንን መካድ አልችልም፤ ደስ አለኝ።

ስጨርስ ያ ስለ አፍሪካ ያቀረበው ልጅ እጁን አወጣ።

"ይሄ እውነት ነው ወይስ ከሆነ ቦታ ያነበብሽው?"

አነጋገሩ አናደደኝ። ፈጥሬ የተናገርኩ አስመሰለኝ። "አላነበብኩትም" አልኩት። "የአሠሪዬ እህት ናት።"

ሃያ ምናምን ሰው ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረ።

ኪሪያ አልተንቀሳቀሱም። ፊታቸው ላይ ንዴት አላየሁም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ተነሡና ትሪውን ይዘው በየወንበሩ እየዞሩ ብስኩቱን አደሉ። "ውሰድ ልጄ፣ ሁለት ውሰድ" ይላሉ። እኔ ጋ ሲደርሱም ትሪውን ዘረጉልኝ። አንድ ወሰድኩ። አስተማሪው የክፍሉን ከፍተኛ ማርክ ሰጠኝ።

ነገሩ እዚያ ቢቀር ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። ከክፍል ጓደኞቼ አንዷ ግን እዚያው ዳንፎርዝ አንድ የግሪክ ምግብ ቤት ሳህን ታጥብ ነበር። በክፋት አልነበረም፤ አዝና ለባለቤቶቹ ነገረቻቸው። እሑድ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሴቶች ትልቅ ካርቶን ተሸክመው ዳቦ ቤቱ ገቡ። ውስጡ ያገለገለ ካፖርት፣ ሹራብና ጫማ ነው።

አንደኛዋ "ለምስኪኗ እህትሽ ላኪላት" አለች፤ እኔም እንድሰማው ነው መሰለኝ በእንግሊዝኛ። "ምነው እስከዛሬ ደበቅሽን?"

ኪሪያ ፈገግ ብለው አመሰገኑ። ዳቦ ጠቅልለው ሰጧቸውና እስከ በር ሸኟቸው። እኔ ያልተጋገረ ዳቦ የያዘ ትሪ ተሸክሜ ቆሜ ነበር። ሴቶቹ ሲወጡ ኪሪያ ካርቶኑን በእግራቸው ገፍተው ጠረጴዛ ሥር ከተቱት።

"ኪሪያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። "ስም ላልጠራ ነበር ያሰብኩት…"

"ውሸት አልተናገርሽም" አሉኝ።

"ቢሆንም—"

"ውሸት ብትናገሪ ይሻለኝ ነበር። ውሸት ነው ብዬ እከራከር ነበር።" ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ "ያንን ትሪ ወደ ምድጃው አስገቢ፤ ሊጡ እየተነፈሰ ነው" አሉኝ።

አላባረሩኝም፤ አልሰደቡኝም። ቁርስ ግን ከጓዳ ወጥተው ደንበኞቹ ጋ ቆመው መብላት ጀመሩ። አቴንስ ሲደውሉ ወደ ጎዳናው ይወጣሉ፤ በብርድም ቢሆን። በመስታወቱ በኩል ሲያወሩ አያቸዋለሁ፣ ምን እንደተባባሉ ግን እንደ ድሮው አልነገሩኝም። ክረምቱን እንደምንም ገፋሁት። በረዶው ሲቀልጥ ስካርቦሮ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ አገኘሁና ለቀቅኩ። ስሰናበታቸው ግንባሬን ሳሙኝ። ያንን መሳም ይቅርታ ነው ብዬ ለመውሰድ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ አልሆነልኝም።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ። ከባንኮኒው ጀርባ የነበረው መነጽር ያደረገ፣ ጢሙን ያላበጠረ ጎልማሳ ነው። ኪሪያን ስጠይቀው፣ "አክስቴ ናት" አለኝ። ሱቁን ለእሱ ትተው አቴንስ እህታቸው ጋ ለመኖር ሄደዋል። እሱ ያ ሥራ ያጣው ኢንጂነር፣ የእህታቸው ልጅ ነበር።

"አብረው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጣሉ ይውላሉ" አለና ሳቀ። "ማን ነሽ ልበላት?"

"እዚህ ሠርቼ ነበር። ኢትዮጵያዊቷ በላቸው።"

እዚያው ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ኪሪያ ድምፃቸው ከማዶ ተሰማኝ፤ አልተለወጠም። በግሪክኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። እሱ ስልኩን ከጆሮው ዝቅ አድርጎ፣ "ትምህርቷን ጨረሰች ወይ ትላለች" አለኝ።

"ጨርሻለሁ በላቸው።"

ነገራቸው። "ሌላ የምነግራት አለ?" ሲል ጠየቀኝ፤ ስልኩን እንደያዘ እየጠበቀኝ። ነበረኝ። ለሦስት ዓመት ያሰላሰልኩት ብዙ ነገር ነበረኝ። ግን ፊቱን አየሁት። በልጅ አፍ ስለ እናቱ የሚላክ ነገር አልነበረም።

"ሰላም በላቸው፤ ሌላ የለም" አልኩት፤ ሁለት ዳቦ ገዝቼም ወጣሁ።