የሚከስር ገዢ

አባቴ በሰው ላይ ቶሎ እምነት አይጥልም። ይህን የምለው ልወቅሰው ፈልጌ አይደለም፤ እኔም ወርሼዋለሁ፣ እስካሁን አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ነው የምቀመጠው። መቱ ላይ ቡና አቅራቢ ሆኖ ሲሠራ ግን ይህ ጠባዩ ብዙ ጊዜ ጠቅሞታል። ጆንያ ሲቀርብለት መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ታችኛው ጥግ ነው። ከላይ ደረቁን፣ ከታች እርጥቡን አድርጎ የሚያመጣ ሰው ሞልቷል።

ጆንያው የማይፈተሽ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዳሪሙ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ከአባቴ ጋር የተዋወቁት እኔ ሳልወለድ ነው። በእኛ አካባቢ ገበሬ ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ የሚያምነው ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ ልማዱ ነው። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ዋጋው ሲጥመው ወይም ሲቸግረው ብቅ ብሎ "ሽጥልኝ" ይላል፤ ነጋዴውም ይሸጥለታል። የመጋዘናችን ግራ ጥግ የዳሪሙው ሰውዬ ነበር። ልጅ ሆኜ እዚያ ክምር ላይ ስወጣ እናቴ ከሰው አደራ ላይ ውረጂ እያለች ትቆጣኝ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ላኪዎች ቡና በቀጥታ ከአቅራቢ መግዛት ከጀመሩ በኋላ ነው። ያን ዓመት ይኸው የዳሪሙ ገበሬ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ የመጀመሪያ ልጁን ሊድር አስቦ ለሙሽሮቹ ቤት እያሠራ ነበር። ግድግዳው ቆሟል፣ ጭቃው ተመርጓል፣ የቀረው ቆርቆሮ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ካልለበሰ ጭቃው ታጥቦ ይወርዳል፤ ሠርጉም በዚያው ይቀራል። ቆርቆሮው የሚገዛው እኛ ጋ ባስቀመጠው ቡና ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በመሃሉ ከአዲስ አበባ አንድ ገዢ መጣ። የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ቀጠን ያለ፣ ዋጋ የማይከራከር ሰው ነው። ያስጠረጠረውም አለመከራከሩ ነው። ቡና ገዢ ማለት ጀንፈሉን ዘግኖ የሚያሸት፣ ፊቱን የሚያጨማድድ፣ የዘንድሮው ምኑም አልጣመኝም ብሎ የሚሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚመለስ ነው። ይሄኛው ሳያሸት ከገበያው በላይ ጠራ። አባቴ ዝም ሲለው ደግሞ ጨመረ።

ሰውዬው እንደወጣ አባቴ ስልኬን አስወጣኝና የዓለም ገበያ ላይ ቡና ስንት እንደሚሸጥ አየሁለት። ከዚያ ባርኔጣውን አድርጎ ባንክ ቤት ሄደ፤ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ የዶላሩን ምንዛሪ አይቶ ተመለሰ። ያ ሰሌዳ ከጌጥ አያልፍም። በዚያ ዋጋ ዶላር ልግዛ ብሎ ሄዶ የተሸጠለት ሰው መቱ ውስጥ አላውቅም። አባቴ ግን ጆንያ የማያምን፣ ሚዛን የማያምን ሰው፣ ባንክ የሰቀለውን ቁጥር አመነ። አባዛ፤ የመፈልፈያውን፣ የመኪናውን፣ እስከ ጅቡቲ ያለውን ወጪ ደመረ። ሰውዬው በእያንዳንዱ ፈረሱላ ላይ ይከስራል። እንደገና አሰላው፤ አሁንም ይከስራል።

"እየከሰረ የሚስቅ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

አላየሁም። ስለዚህ ሌባ ነው አልን፤ የቀረው በምን በኩል እንደሚሰርቅ ማወቅ ነው። አባቴ ቼኩ ደረቅ ይሆናል አለ። እናቴ ቡናውን በድንበር ሊያሾልከው ነው አለች። እኔ ሐሰተኛ ብር ነው ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ለጎረቤቶቻችንም ሳይቀር አስጠነቀቅሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍራል፤ ያኔ ግን ከእኔ በላይ ነቄ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ወዳጁ ከዳሪሙ በእግሩ መጥቶ የሰማውን ዋጋ ነገረንና ልሽጥ ወይ ብሎ ጠየቀ። አባቴ አትሽጥ አለው። ስሌቱንም ነገረው፤ ሰውዬው ደህና ሰው እንዳልሆነ፣ ጥቂት ቢታገሥ ሌላ ገዢ እንደሚመጣ አስረዳው። ገበሬው አንዲት ጥያቄ ሳይጨምር እሺ ብሎ ሄደ።

ሌሎቹ ሸጡ። ሌሎቹ የዳሪሙ ገበሬዎች ሸጡ፣ የኖፓ ገበሬዎች ሸጡ፣ እኔ ያስጠነቀቅኋቸው ጎረቤቶቻችንም ሸጡ። ብሩ እውነተኛ ነበር። ገዢው መኪኖቹን ሞልቶ ሄደ፤ እሱ ሲሄድ ዋጋውም አብሮት ሄደ። ሌላ ገዢ አልመጣም። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ወዳጁ ተመልሶ በተገኘው ሽጥልኝ አለ፤ አባቴም ከራሱ ቡና ጋር አድርጎ በአሳዛኝ ዋጋ ለድሮ ደንበኛው ሸጠለት።

ቆርቆሮ አዲስ አበባ ይሻላል ተብሎ እኔ ቡናውን በጫነው መኪና ሄድኩ። መርካቶን ሱቅ በሱቅ ዞርኩት። ዋጋው ከአምናው ጋር የሚተዋወቅ አይመስልም፤ ለምን ስል ሁሉም ዶላር የለም ይለኛል፣ ያለ ዶላር እንዴት እንደገባ ግን የሚነግረኝ የለም። በመጨረሻ በጅምላ የሚሸጥ አንድ መጋዘን ጠቆሙኝ። ገባሁ። ያ ባለቆዳ ጃኬት ወንበር ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል።

ወዲያው አወቀኝ፤ የመቱዋ ልጅ ብሎ ለስላሳ አዘዘልኝ። ጠርሙሱ ዓይኔ እያየ እስኪከፈት አልነካሁትም። ከዚያ ሆዴ አልችል አለና ቡናው ላይ ከስረዋል አይደል ብዬ በቀጥታ ጠየቅሁት።

"አዎ፣ በደንብ ነዋ" አለኝ፣ ብርቱካኑን እየጎረሰ። "እኔ ምኑን የቡና ነጋዴ ሆንኩ? ነጋዴነቴ የቆርቆሮ ነው። ባንክ ዶላር እንዲሰጠኝ ተራ ብጠብቅ እዚያው እሸብታለሁ። ቡና ልኬ ያገኘሁት ዶላር ግን የራሴ ነው፣ ዕቃ አመጣበታለሁ። ቡናው ላይ የጎደለውን ቆርቆሮው ይሞላልኛል።"

ሌብነት ፍለጋ ስንባዝን የከረምነው ነገር እንዲህ ግልጽ ነበር። ለገበሬው ዳሪሙ ላይ አብልጦ ይሰጠዋል፤ ያንኑ መርካቶ ላይ ከጣሪያው ይወስድበታል። ለእሱ የሸጡት በአንዱ ያገኙትን በሌላው ቢከፍሉም ቢያንስ ይቻቻልላቸዋል። ሳይሸጥ ቀርቶ ቆርቆሮውን ግን በዚያው ዋጋ የሚገዛ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኛን ያመነው ነው። ተናደድኩ፣ በሰውዬውም፣ በባንኩ ሰሌዳም፣ በአባቴ ማባዛትም። ተናድጄም ከእሱው ገዛሁ፤ ከሌሎቹ ይሻል ነበር። ገንዘቡ የጣሪያውን ግማሽ እንኳ በወጉ አላለበሰም።

መቱ ስመለስ የአባቴ ወዳጅ ደጃችን ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አገኘሁት። ቆርቆሮው ሲወርድ አየ፤ ማውረዱ ሲያልቅ ወደ መኪናው ውስጥ አንገቱን አስግጎ ሌላ ይኖር እንደሆነ ተመለከተ። አባቴ አስቀመጠውና ከእኔ በስልክ የሰማውን አንድ በአንድ አስረዳው። እንደ ሁልጊዜው በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። ገበሬው ሳያቋርጥ አዳመጠ፤ ከዚያ ቡናዬ የት ሄደ አለው። አባቴ ጀርመን አለ። ቆርቆሮውስ? ብረቱ ከቻይና ነው።

"ታዲያ አሜሪካን መሃል ላይ ምን ዶላት?"

አባቴ ጀርመኑም ቻይናውም የእኛን ብር እንደማይቀበሉ፣ ሁሉም የሚተማመነው በዶላር እንደሆነ፣ ዶላር ያለው ሰው እየከሰረም እንደሚያተርፍ ለማስረዳት ሞከረ። ሲናገር እሰማዋለሁ። ቃሉ ሁሉ እውነት ነው፤ ድምፁ ግን እርጥብ ጆንያ ይዞ እንደመጣ ሰው ሆነብኝ። ወዳጁ "ዱጋ?" አለ፣ እውነት ነው ወይ ማለቱ ነው፤ አጠያየቁን አልወደድኩትም። ላግዝ ብዬ እኔም ገባሁበት፤ ሰውዬው ራሱ በአፉ እንደነገረኝ፣ ይህንንም ቆርቆሮ የገዛሁት ከእሱ መጋዘን እንደሆነ ነገርኩት።

ወደ እኔ ዞረ፤ ቀጥሎ ወደ አባቴ።

"እንግዲያው ሰውዬውን ታውቁታላችሁ" አለ።

እኔን አትሽጥ ብለህ ከለከልክ፣ ቡናዬን በስውር ለእሱው በውዱ ሸጥክ፣ ለእኔ በርካሹ ሰጠኸኝ ማለቱ ነው። አባቴ አልማለም። ኋላ እንደነገረኝ በወዳጁ ቦታ ቢሆን እሱም ያንኑ ነበር የሚያስበው።

ቤቱ በአንድ በኩል ቆርቆሮ፣ በሌላው ሳር ለበሰ። ሠርጉ ለሌላ ዓመት ተላለፈ። በሚቀጥለው መኸር ግራው ጥግ ባዶ ሆነ፤ አባቴ ሌላ ሰው እንዲያስቀምጥበት አልፈቀደም። ወዳጁ ለገበያ ሲመጣ በሩቁ ሰላም ብሎን ያልፍ ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ ክረምት፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለና የባንኩ ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር ወደ ላይ ተስፈነጠረ። ከተማው ግማሹ ዘይት፣ ግማሹ ስኳር ለመደበቅ ሲሯሯጥ አባቴ ቁጭ ብሎ አሰላ። አሁን አንድ ዶላር ብዙ ብር ስለሚያመጣ ላኪው ሳይከስር አብልጦ መክፈል ይችላል፣ ጀንፈል መወደዱ አይቀርም አለኝ። ወዳጁ ለክፉ ቀን ብሎ ቤቱ ያስቀመጠው ቡና እንዳለው ሰምቷል። በገበያ ቀን ከዳሪሙ የመጣ ሌላ ሰው ፈልጎ መልእክት ላከበት፦ እባክህን አሁን እንዳትሸጥ፣ ጥቂት ሳምንት ጠብቅ።

ጀንፈሉ እንዳለው ተወደደ። ከዚያ በኋላ መልእክተኛው ገበያ ሲመጣ አባቴ አስጠራውና ወዳጄ ስንት ሸጠ ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ወደ መሬት እያየ፣ መልእክቱን ባደረሰበት በዚያው ቀን፣ መጀመሪያ ለመጣው ገዢ፣ በድሮው ዋጋ ሙሉውን እንደሸጠ ነገረን።

አባቴ መልእክተኛውን አመስግኖ ሸኘው። በሩን ዘጋና ወደ እኔ ሳይዞር፣

"ባልልክበት ኖሮ ይጠብቅ ነበር" አለ።