ክርስትና ያፈረሰው ሠርግ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን የአገራችን አባቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ አዋቂ ሆኑ። "ሴት ልጅ ቤት ከቆየች ነጭ ይወስዳታል፤ ቶሎ መዳር ነው" ይባባላሉ። የእኔም አባት ይህን ጥበብ ከገበያ ይዞ መጣና፣ የወተት ጥርሴን ነቅዬ ሳልጨርስ ለአንድ ሰው ሊሰጠኝ ቃል ገባ። ሰውዬው ጢሙ ከአባቴ ጢም ይበልጥ ነበር። እናቱ ባለ ብዙ ከብት ናቸው፤ አባቴን ያሸነፉት እሳቸው እንጂ ጣሊያን አይመስለኝም።

እናቴ ታናሽ እህቴን ወልዳ አራስ ነበረች። አልቅሳ ዝም አለች። ዝም ያላለችው የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ናት። መጣችና አባቴን ከበር ላይ ያዘችው።

"ከጣሊያን አድናታለሁ ብለህ ለሌላ ጣሊያን ልትሰጣት ነው?"

"እታለም፣ ዝም ብትይ ምናለ? ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

"እንግዲያው ቃልህ ይሂድላቸው፤ ልጅቱ ትቅር።"

አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ማሳው ሄደ። አክስቴ ሽማግሌ ላከችበት፤ ሽማግሌዎቹ ጠላውን ጠጥተው፣ እሱኑ መርቀው ወጡ። ያን ቀን የተሳደበችውን እዚህ ብጽፈው ንስሐ ያስገባኛል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆረጠ። እኔ ፈራሁ፤ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

በመካከሉ የእህቴ ክርስትና ደረሰ። የክርስትና እናት ትሆናለች የተባለችው ጎረቤታችን ነበረች፤ ጧት ላይ ሆዷን ቆረጣት። ቁርጠቱን ያዘዘችላት አክስቴ መሆኗን ያወቅሁት ኋላ ነው።

አማቴ ሊሆኑ የነበሩት ሴትዮ ተጠርተው መጥተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አክስቴ ሕፃኗን ታቅፋ ቀረበቻቸውና ጎንበስ አለች።

"እሜቴ፣ ሰው ጎደለብን፤ ልጃችንን ክርስትና ያንሡልን።"

ክርስትና አንሡ ተብሎ እምቢ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በሰው ፊት ሲሆንማ አይታሰብም። ሴትዮዋም ክብር ይወዳሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀበሏት። አባቴ ደስ ብሎት ጥርሱ አልከደን አለው።

ድግሱ ላይ ቄሱ ዋንጫቸውን ጨልጠው ሌላ ሲቀዳላቸው፣ አክስቴ አንገቷን ሰበር አድርጋ ጠየቀች።

"አባ፣ የአበልጅ ልጆች ይጋባሉ እንዴ?"

"ምን ነካሽ? ውግዝ ነው፤ ወንድምና እህት ናቸው እኮ" አሉ። ከዚያ ሴትዮዋን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ ዋንጫቸውን አዩ። የሠርጉ ድግስ እንደ ቀረባቸው የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ግን አንዴ ከአፋቸው ወጥቷል፤ ሕዝቡም ሰምቷል።

እንግዳው ሲወጣ አባቴ "ጉድ ሠራሽኝ" አላት።

"እኔን በዘጠኝ ዓመቴ በበቅሎ ጭነው ሲወስዱኝ፣ ከበቅሎዋ ኋላ እየጨፈርክ ሸኘኸኝ" አለችው። "ልጅ ነበርክና አልፈረድኩብህም። አሁን ግን ልጅ አይደለህም።"

እኔ ያን ቀን ጠግቤ በላሁ።

ጣሊያን ሄደ። እኔም አድጌ፣ በወጉ አግብቼ ወጣሁ። አንድ ቀን አባቴ ለዚያችው ለታናሽ እህቴ ሽማግሌ መቀበሉን ሰማሁ፤ እሷም የወተት ጥርሷን ገና እየነቀለች ነው። አክስቴ ሞታለች። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩና አባቴን ከበር ላይ ያዝኩት።

"አባዬ፣ ጣሊያን እንደሁ የለም" አልኩት። "ይቺንስ ከማን ሊያድኗት ነው?"